በአርባና በሰማንያ ቀን መካከል፦ የአራሶች የአባዜ ሕመምና ያልተጠየቀው ጥያቄ

የእናቶች የአእምሮ ጤና በኢትዮጵያ ቀስ እያለ ከጓዳ እየወጣ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ በሬድዮ ይወራበታል፤ በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ክብካቤ ከእርግዝናና ከወሊድ አገልግሎት ጋር እንዲዋሃድ የሚያግዝ መመሪያ አውጥቷል። አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ነፍሰ ጡሯ የደም ግፊቷ ሲለካ ስለ ስሜቷም ትጠየቅ ነው። በዚህ መልካም ጅምር ውስጥ ግን አንድ ሕመም ሳይታይ እያለፈ ነው። እናቲቱ ብትጠየቅ የምትጠየቀው «ይከፋሻል? ያስለቅስሻል?» ተብላ ነው። «ሳትፈልጊው እየመጣ የሚያስጨንቅሽ ሐሳብ አለ?» የሚላት የለም።

ሕመሙ በሐኪሞች አጠራር ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ ይባላል። እዚህ የአባዜ ሕመም እንበለው። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ እንደ ሮብ ገበያ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም አነስተኛ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ዓይን ጉዳዩን ስንመረምረው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሕመሙ የሚበረታው ልማዱም የጤና ሥርዓቱም እናቲቱን ለቀቅ በሚያደርጉባቸው ሳምንታት ይመስላል። ስለዚህ ችግሩ የሐኪም ማነስ ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚጠየቅና ምን እንደሚጠየቅም ጭምር ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የአባዜ ሕመም ሁለት ነገር የተጣመረበት ነው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲያባርሩት የሚመለስ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚጸየፈው ሐሳብ ወይም ምስል ነው። ሁለተኛው ያ ሐሳብ የሚለቅቀውን ጭንቀት ለማስታገስ የሚደጋገም ድርጊት ነው። ድርጊቱ በዓይን የሚታይ ሊሆን ይችላል፦ መታጠብ፣ ደጋግሞ ማየት፣ ሰው መጠየቅ። በልብ ብቻ የሚፈጸምም አለ፦ መቁጠር፣ አንድን ጸሎት «በትክክል አልወጣልኝም» እያሉ ከመጀመሪያው መድገም። ሐሳብና ድርጊቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅ ወይም ኑሮን ሲያውክ ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መጽሐፉ ከጭንቀት ሕመሞች ምድብ አውጥቶ የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶታል።

በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ የሐሳቡ ማጠንጠኛ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ነው። ነፍሰ ጡሯ «የበላሁት፣ የነካሁት ነገር ጽንሱን ይመርዘው ይሆን?» እያለች እጇ እስኪላጥ ትታጠባለች። ከወለደች በኋላ ሐሳቡ መልኩን ይለውጣል። ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቢቆምስ? ከእጄ ቢወድቅስ? እሳት ዳር ቆሜ ብወረውረውስ? በቢላ ብወጋውስ? አንዳንዷ ገላውን ስታጥብ የሚያሳፍር ምስል ይመጣባትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ማጠብ ለእህቷ ትተዋለች። ሌላዋ ጸሎት ላይ ስትቆም በፈጣሪ ላይ የስድብ ቃል በልቧ ይመላለስባታል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ሐሳቡ ከሴትየዋ ፈቃድና እምነት ጋር የሚጋጭ መሆኑ ነው። የሚያስደነግጣትም የማትፈልገው ስለሆነ ነው።

ሐሳቡ እንዴት ሕመም ይሆናል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክፉ ሐሳብ መምጣቱ ራሱ ሕመም አይደለም። ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጤነኛ ሰዎችን ድንገተኛ ሐሳቦች ከታማሚዎች ጋር አነጻጽረው በይዘት ብዙ እንደማይለያዩ አሳይተዋል። በአራሶች ላይ ደግሞ ካናዳዊቷ ኒኮል ፌርብራዘርና ባልደረባዋ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ አዲስ እናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በልጃቸው ላይ አደጋ ሲደርስ የሚያሳይ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ እነሱ ራሳቸው ሆን ብለው ሲጎዱት የሚያሳይ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናግረዋል። ማለትም ከጎረቤት ጋር ቡና የምትጠጣው ጤነኛ እናትም ይህን ሐሳብ ታውቀዋለች። አትናገረውም እንጂ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ሐሳቡ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። ሳልኮቭስኪስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማብራሪያ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። አንዷ እናት «ምን ጉድ አሰብኩ!» ብላ ታልፈዋለች። ሌላዋ «ይህን ያሰብኩ እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ? ካሰብኩት ላደርገው እችላለሁ» ትላለች። የኃላፊነት ስሜቷ በበረታ ቁጥር ሐሳቡ የማስጠንቀቂያ ደወል ይሆንባታል። ደወሉን ለማስቆም አንድ ነገር ታደርጋለች፦ ቢላውን ትደብቃለች፣ የሕፃኑን ትንፋሽ ለመስማት ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ትደቅናለች፣ «ደህና ነው አይደል?» ብላ እናቷን ትጠይቃለች። ለጥቂት ደቂቃ እፎይ ትላለች። ወጥመዱ ያ እፎይታ ነው። ሕፃኑ ደህና ያደረው ስላየችው እንደሆነ አእምሮዋ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ ማየቱ ግዴታ ይሆናል። አንዴ የነበረው አሥር፣ አሥሩ ሃያ ይሆናል። እሳትን በገለባ እንደ ማፈን ነው፤ ለአፍታ ይሸፈናል፣ ከዚያ የበለጠ ይነዳል።

ይህ ለምን በአራስነት ይብሳል? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ከወሊድ በኋላ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞኖች በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ራሱን መከላከል የማይችል ፍጡር ሙሉ ኃላፊነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ቀድሞ ሕመሙ የነበረባት ሴት ሊያገረሽባት ይችላል፤ ምንም ታሪክ የሌላትም ከወለደች በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ልትያዝ ትችላለች።

በኢትዮጵያ ገጠር ሌላም የሚጨመር ነገር አለ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 48ቱ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ፤ ከነዚህ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። ልጅ የቀበረች ጎረቤት የሌላት እናት ጥቂት ናት። ስለዚህ «ጥንቃቄሽ በዝቷል» ማለት በለንደን እንደሚባለው በቀላሉ አይባልም። መለኪያው ፍርሃቱ መኖሩ ሳይሆን ጥንቃቄው ሕፃኑን መጥቀሙን አቁሞ እናቲቱን መብላት መጀመሩ ነው። እጅ መታጠብ ጥንቃቄ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ትንፋሽ መቁጠር ግን ጡት የሚያደርቅ ድካም ነው።

አኃዞቹ ምን ይላሉ?

በ2013 እ.ኤ.አ. በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ የአባዜ ሕመም በጠቅላላው ሕዝብ 1 ከመቶ አካባቢ ሲሆን በነፍሰ ጡሮች 2.1፣ በወለዱ ሴቶች 2.4 ከመቶ እንደሚደርስ አስልቷል። ፌርብራዘርና ባልደረቦቿ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት የካናዳ ጥናት ደግሞ ስለ ሕፃኑ የሚመጡ ሐሳቦችን ለይቶ በመጠየቁ ከዚህ እጅግ የበለጠ አኃዝ አግኝቷል። የሕመሙ ጫፍም ከወሊድ በኋላ 8ኛው ሳምንት አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚያን ጊዜ ወደ 9 ከመቶ የሚጠጉት እናቶች የሕመሙን መስፈርት አሟልተዋል። ሁለቱ ጥናቶች የተራራቁት በከፊል በጥያቄው ምክንያት ነው። በስሙ የተጠየቀ ሕመም ይገኛል፤ ያልተጠየቀ አይገኝም።

በኢትዮጵያ በዘርፉ ከሁሉ የሚጠቀሰው በቡታጅራ 1,065 ሴቶችን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተለው ጥናት ነው። ሻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ይህ ሥራ በእርግዝና ጊዜ የሚታይ የአእምሮ ጭንቀት ከተራዘመ ምጥና ጡት ማጥባትን ዘግይቶ ከመጀመር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የተጠቀመበት መጠይቅ ግን 20 ጥያቄ ያለው የጠቅላላ ጭንቀት መለኪያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተፈተሸው የኤደንብራ የድባቴ መለኪያም 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ሐዘን፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ራስን መውቀስና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። የማይፈለግ ሐሳብና ተደጋጋሚ ድርጊት በሁለቱም ውስጥ ቦታ የላቸውም።

በአራስ ቤት ውስጥ

የምሥራቅ ጎጃም አራስ ብቻዋን አይደለችም። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ እናቷ ቤት ትታረሳለች። ሴቶች ተሰብስበው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይቀርባል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱ ከከባድ ሥራ ትጠበቃለች። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም 40ው ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። ሃንሎንና ባልደረቦቿ በቡታጅራ ከሴቶች ጋር ባደረጉት ውይይት የዚህ ዓይነት ወግ ሲጓደል፣ በተለይም በድህነት ወይም በቤት ውስጥ ጠብ ሳቢያ ሲጓደል፣ የእናቶች ጭንቀት ከዚያ ጋር ተያይዞ እንደሚነሣ ተመልክተዋል። ልማዱ እውነተኛ መከታ ነው። ዕረፍትን፣ ምግብንና ሰውን በአንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ አገልግሎት በአካባቢው የለም።

ይሁን እንጂ ልማዱ ከአባዜ ሕመም ጋር ሲገናኝ ያልታሰበ ነገር ይፈጠራል። ከአራሷ አጠገብ ወይም ከትራሷ ሥር ቢላ፣ ማጭድ ወይም ሌላ ብረት ማኖር የተለመደ ነው፤ ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቃት። ደጅ ስትወጣም ብረት ትይዛለች። አሁን ሐሳቧ በቢላ ዙሪያ የሚሽከረከር አንዲት አራስ እናስብ። መንደሩ ሁሉ ጠባቂ ነው ያለው ዕቃ ለእሷ ከሁሉ የሚያስፈራት ነው። «አንሡልኝ» ብትል «ለምን?» ትባላለች። ምክንያቱን ብትናገር እንደ አበደች ትታያለች። ዝም ብላ ብትተወው ሌሊቱን ሙሉ እጇን ከብረቱ አርቃ፣ ጣቷን ቆልፋ ታድራለች። ደብቃ ብታርቀው ደግሞ ሕፃኑ ባተኮሰው ቁጥር «መከታውን ያነሣሁበት እኔ ነኝ» ትላለች። በሦስቱም በኩል መውጫ የለም። አማቷ የምታየው ግን ዝም ያለች፣ ልጇን ለመያዝ የምታመነታ ምራት ብቻ ነው።

ሰው አለመለየቱም ሁለት ስለት አለው። አጠገቧ ሰው እስካለ ድረስ «ብቻዬን ብሆን ምን አደርግ ነበር» የሚለው ጥያቄ አይፈተንም፤ ሕመሙ ተሸፍኖ ይቆያል። እንግዶቹ ሲበተኑና ወደ ራሷ ጎጆ ስትመለስ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። 8ኛው ሳምንት 56ኛው ቀን ነው። ወንድ ለወለደች ክርስትናው አልፎ ጠያቂው ከቀረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሴት ለወለደች የክርስትናው ቀን ገና አልደረሰም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም አትገባም። በካናዳ የተለካው ጫፍ እዚህ በትክክል በዚያው ቀን ላይ ይወድቃል ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ መከታው የሚሳሳበት ጊዜ ከዚያ ጋር መገጣጠሙ ሊናቅ አይገባም።

የሃይማኖት አባቶች ሚና እንዲሁ በሁለት በኩል ይታያል። «ይህ ሐሳብ ያንቺ አይደለም፤ ከጠላት የተወረወረ ነው፤ አትከራከሪው፣ እለፊው» የሚል የንስሐ አባት፣ ሳያውቀው የሥነ ልቡና ሐኪሙ ከሚለው ብዙ አይርቅም። ሴትየዋን ከወቀሳ ያወጣታል። በአንጻሩ ያው ሐሳብ በየሳምንቱ እየተናዘዘ፣ በየሳምንቱ ቀኖና እየተጨመረበት ከሄደ ኑዛዜው ራሱ አባዜ ይሆናል። በሙስሊሞች ዘንድ ወስዋስ የሚባለው የማይለቅ ጥርጣሬ የያዛት ሴት ውዱእ ደጋግማ ስታደርግ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጸበልም ዕረፍትና አጋር ይሰጣል፤ መድኃኒት ካስቋረጠ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ፈር ቀዳጅ ምሳሌ አላት። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም ተመሳሳይ ቃል በአጥቢያ ደረጃ ቢነገር ከብዙ ፖስተር ይበልጥ ይሰማል።

ትልቁ ስሕተት፦ ከሳይኮሲስ ጋር ማምታታት

እናት «ልጄን የምጎዳው ይመስለኛል» ስትል የሰማ ጤና ባለሙያ ወዲያው የሚታየው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ ነው። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ሳይኮሲስ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። የሚከሰተው ግን ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ነው። የአባዜ ሕመም ያለባቸው ግን በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ1,000ው ከ20 በላይ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቃል ከተናገሩ እናቶች መካከል ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር ነው።

መለያው ከባድ አይደለም። በአባዜ የተያዘችዋ ሐሳቡን ትፈራዋለች፣ ትጸየፈዋለች፣ ልጁን ከእሱ ለማራቅ ትደክማለች፤ የራሷ አእምሮ ውጤት መሆኑንም አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች። በሳይኮሲስ የተያዘችዋ ሐሳቡን ታምንበታለች፦ ሕፃኑ ተለውጧል፣ ድምፅ አዞኛል፣ እንዲህ ባደርግ ይድናል ትላለች። ንግግሯ ይዘበራረቃል፤ ሳትተኛም ድካም አይሰማትም፤ ስሜቷ ከሰዓት ሰዓት ይገለባበጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ይህች ሴት ለአንድ ሰዓት እንኳ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን መተው የለባትም፤ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል መድረስ አለባት።

በአባዜ የተያዘችዋን ግን ከልጇ መነጠል ሕመሙን ያጸድቀዋል። «እውነትም አደገኛ ነኝ» የሚለውን ፍርሃቷን ሐኪም ፈረመበት ማለት ነው። የፌርብራዘር ቡድን በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የማይፈለግ የጉዳት ሐሳብ ያላቸው እናቶች ከሌሎቹ ይልቅ ልጃቸውን እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በምዕራቡ ዓለም የዚህ ስሕተት ዋጋ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በር ማንኳኳቱ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሕፃኑን አያት ትወስደዋለች፣ ሚስት ወደ ወላጆቿ ትሸኛለች፣ ትዳር ይፈርሳል። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ዝም የሚሉት። ይህ ማለት ግን ሕመሙ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ልጅን መሸሽ የጡት ማጥባትንና የፍቅርን ትስስር ይሰብራል፤ ብዙ ጊዜም ድባቴ ይከተላል፤ ድባቴው ሲከፋ አደጋ ላይ የምትወድቀው እናቲቱ ናት።

የጤና ሥርዓቱ የት ይሳሳል?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሃ ግብር ሴት ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አውርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2016 እ.ኤ.አ. 26 ከመቶ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ከመቶ ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ የተመረመሩት ግን በዚያው በ2019 ዳሰሳ 34 ከመቶ ብቻ ናቸው። ሥርዓቱ ምጥን ይጠብቃል፣ ደም መፍሰስን ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። የእናቲቱ የመጨረሻ ቀጠሮ 6ኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የራሷ ካርድ አይወጣም።

ሁለተኛው ቀጭን ቦታ ሥልጠናው ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ስለ አእምሮ ጤና የሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤችጋፕ መመሪያ ስለ ድባቴ፣ ስለ ሳይኮሲስ፣ ስለ ሚጥል በሽታና ስለ ሱስ ለየብቻ ምዕራፍ አለው። የአባዜ ሕመም የራሱ ምዕራፍ የለውም። ድባቴንና ሳይኮሲስን ብቻ የተማረ ባለሙያ የሚያየውን ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ መመደቡ አይገርምም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ የአካባቢው የሪፈር መንገድም ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር፣ ባይሆን አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ። ጡት የምታጠባ እናት ይህን ጉዞ ከሕፃን ጋር ማድረግ ድሮም ይከብዳት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ ሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መፍትሔው ሪፈርን ማብዛት ሊሆን አይችልም፤ ሥራው ቢያንስ ቢያንስ ጤና ጣቢያ ላይ መጀመር አለበት።

ሕክምናውና ምርጫዎቹ

ሕመሙ ይታከማል። የመጀመሪያው መንገድ በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ማየር በእንግሊዝ የጀመረው፣ ፍርሃትን መጋፈጥና ማስታገሻውን ድርጊት መተው የሚባለው ዘዴ ነው። ሲሠራ እንዲህ ነው። እናቲቱ የምትፈራቸውን ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ ትደረድራለች። በመጀመሪያ ቢላ ባለበት ክፍል ሕፃኑን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ አትወጣም፣ አትጸልይበትም፣ ማንንም «ደህና ነኝ?» ብላ አትጠይቅም። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ማንም ሳያባርረው ይወርዳል። በሌላ ቀን ሕፃኑን ታቅፋ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ከዚያ ሌላ ሰው በሌለበት ሽንኩርት ትከትፋለች። አእምሮ ከምክር የማይማረውን ከዚህ ይማራል። ባልና አማትም ድርሻ አላቸው፦ ደጋግሞ ማረጋገጥን በቀስታ ማቆም። «ደህና ነው ብዬሻለሁ፤ ሁለተኛ አልልም» ማለት ጭካኔ አይደለም፣ ሕክምና ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በብዛት የሚታዘዙ ናቸው፤ የቆየው ክሎሚፕራሚን ደግሞ ለዚሁ ሕመም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ የተመዘገበ ነው። ሁለት ነገር ካልተነገራት እናቲቱ ታቋርጣለች። ለዚህ ሕመም የሚያስፈልገው መጠን ከድባቴ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ውጤቱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለ ጡት ወተት የሚነሣው ስጋት ተገቢ ቢሆንም መመዘን አለበት። ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ግን በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሕፃኑን መከታተል ይጠይቃል። ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት ቀበሌ መድኃኒት በመፍራት ጡት ማስጣል ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ማን ይስጥ? ከፓኪስታን የሚገኘው ልምድ ተስፋ ይሰጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣው የራዋልፒንዲ ጥናት በማኅበረሰብ የጤና ሠራተኞች የተሰጠ የንግግር ሕክምና ካገኙት እናቶች በስድስተኛው ወር ድባቴ የነበረባቸው 23 ከመቶ፣ ካላገኙት ግን 53 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ ግን ድባቴ ነበር። ፍርሃትን የማጋፈጥ ሥራ ያለ ተቆጣጣሪ ከተሠራ «አታስቢ፣ ደህና ነው» ወደሚል ማጽናኛ ይንሸራተታል፤ ያ ደግሞ ሕመሙን ይቀልበዋል። ስለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ኋላ ቢያንስ በስልክ የሚገኝ የሳይካትሪ ነርስ መኖር አለበት። ኢትዮጵያ ሳይካትሪ ነርሶችን በአማኑኤል ማሠልጠን የጀመረችው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙያው አዲስ አይደለም፣ ከእናቶች ክፍል ጋር አልተያያዘም እንጂ።

ሦስት መንገዶች

አንደኛው መንገድ ባለበት መቀጠል ነው። ሕመሙ በዝምታ ይኖራል፤ አንዳንዷ በጊዜ ይለቃታል፣ ሌላዋ በሚቀጥለው ወሊድ ያገረሽባታል። ወጪው በመዝገብ ስለማይታይ ርካሽ ይመስላል።

ሁለተኛው የድባቴ ምርመራን በመለኪያ ማስፋት ነው። ይህ በራሱ ጥሩ ነው። የአባዜ ሕመም ያለባቸውን ግን የሚያገኛቸው ድባቴ ከደረበባቸው በኋላ ነው፤ ስለ ሐሳባቸው የሚናገሩትን ደግሞ በሳይኮሲስ የመፈረጅ ዕድል ይጨምራል። ጥያቄ ብዙ፣ መረዳት ጥቂት የሆነበት ምርመራ ሴቶችን ዳግም ዝም ያሰኛል።

ሦስተኛው ሁለት ጥያቄ ጨምሮ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። የሕፃናት ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው፤ 8ኛው ሳምንት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያርፋል። ለራሳቸው ምርመራ ከሚመጡት ይልቅ ልጃቸውን ለማስከተብ የሚመጡት እናቶች እጅግ ይበልጣሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጉዳዩን ከገበያ ጋር አያይዘው ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ አሉ። ጥያቄው መጀመሪያ ነውሩን ማንሣት አለበት፦ «ብዙ እናቶች ስለ ልጃቸው የማይፈልጉት የሚያስፈራ ሐሳብ ይመጣባቸዋል። አንቺስ እህቴ፣ ይመጣብሻል?» ቀጥሎ፦ «ሲመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ከቀንሽስ ምን ያህሉን ይወስድብሻል?» የሁለተኛው መልስ ተራውን ሐሳብ ከሕመሙ፣ ፍርሃቱንም ከሳይኮሲስ ይለያል።

ይህም ዋጋ አለው። ከታቢዋ ጊዜ የላትም፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ አማት አጠገብ ቆማ የተጠየቀች ሴት እውነቱን አትናገርም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ምስጢር በቀላሉ ይወጣል። ለይቶ ማከም ካልተቻለም መጠየቁ ያስተዛዝባል። ነገር ግን በዚህ ሕመም ላይ መጠየቁ ራሱ የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል ነው። «ይህ ሐሳብ የብዙ እናቶች ነው፤ እብድ አይደለሽም፤ ልጅሽንም አትጎጂውም» የሚለው የተረጋጋ ማብራሪያ፣ አንድ ጊዜ በትክክል ከተነገረ፣ ቀላል በሆኑት ላይ ሕመሙ እንዳይሰድ ሊያደርግ ይችላል።

ሚዛኑ

በቅርብ ዓመታት የሚሆነው ሁለተኛው መንገድ ሳይሆን አይቀርም። የድባቴ መለኪያዎች ተፈትሸው አሉ፣ ለጋሾች ያውቋቸዋል፣ በቅጽ ላይ ለማስገባት ይቀላሉ። ያ እንዳይጎዳ ከተፈለገ ሦስት ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው፦ አባዜን ከሳይኮሲስ የሚለይ አንድ ገጽ በአዋላጆችና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥልጠና ውስጥ፣ በወረዳ ሆስፒታል ደረጃ የማይቋረጥ የፍሉኦክሰቲን አቅርቦት፣ እናቲቱን ከሕፃኑ መለየት በሳይኮሲስ ምልክት ብቻ እንጂ «ሐሳብ» በሚል ቃል እንዳይሆን የሚያግድ ግልጽ መመሪያ። ሦስቱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። ግጭቱ ባልበረደበት አካባቢ ሥልጠናም አቅርቦትም መስተጓጎላቸው አይቀርም፤ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ለመጀመር ከተገደዱ መጀመሪያ መምጣት ያለበት መመሪያው ነው። ያልታከመች እናት በጊዜ ልትሻላት ትችላለች። እውነቱን ተናግራ ልጇን የተቀማች እናት ግን ዳግም አትናገርም፤ ያዩዋት ሴቶችም አይናገሩም።